መቶ ፍሬ ይቁጠሩ፦ የቡና ዝርያዎችን የምለይበት መንገድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት «መቶ በመቶ አራቢካ» የሚል ጽሑፍ በጉልህ የታተመበት አንድ ከረጢት ጥሬ ቡና ገዛሁ። ቆልቼ ስቀምሰው ምላሴ ላይ የቀረው የተቃጠለ ገለባና የላስቲክ ሽታ ነበር። መጀመሪያ ጥፋቱን በራሴ ላይ አደረግሁት፤ አቆላሌ ይሆናል፣ ውኃው ከልክ በላይ ፈልቶ ይሆናል አልኩ። በሦስተኛው ቀን የተረፈውን ጥሬ ቡና ነጭ ትሪ ላይ ዘርግቼ መቶ ፍሬ ቆጠርኩ። ሠላሳ አንዱ ሮቡስታ የሚባለው ሌላ የቡና ዝርያ ነበር። ሻጩን ብጠይቀው «አንድ ሁለት ፍሬ ገብቶ ይሆናል» አለኝ። ሠላሳ አንድ ግን አንድ ሁለት አይባልም።

በቡና ቀማሽነት መተዳደር ከጀመርኩ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የቡና ዝርያን መለየት የሚፈልግ ሰው ሲያጋጥመኝ ሁልጊዜ የምለው አንድ ነገር አለ፦ አንዲት ፍሬ አንስተው አይፍረዱ። ከአራቢካ መካከል ሮቡስታ የምትመስል ፍሬ አትጠፋም፤ ከሮቡስታም መካከል አራቢካ የምትመስል አለች። መቶ ፍሬ ግን አብሮ አይዋሽም። ከዚህ በታች የምጽፈው በነጭ ትሪ፣ በሦስት ስኒና በትንሽ ትዕግሥት ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችለውን ነው።

ስለ አንድ ቃል

«ዝርያ» የምንለው ቃል ሁለት ሥራ ተጭኖበታል። አራቢካና ሮቡስታን «ሁለት ዝርያዎች» እንላለን፤ ዞር ብለን ደግሞ ጌሻን፣ ቡርቦንን፣ ቲፒካንና ካቱራን «የአራቢካ ዝርያዎች» እንላለን። ግማሹ ክርክር የሚነሣው ከዚህ ነው። እኔ «ዝርያ» ስል የመጀመሪያውን ማለቴ ነው፤ ጌሻንና ቡርቦንን «ንዑስ ዝርያ» እላቸዋለሁ። «ጌሻ ነው ወይስ አራቢካ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው «በሬ ነው ወይስ ከብት?» ብሎ እንደ ጠየቀ ነው።

ኮፊያ የሚባለው የዕፅዋት ወገን ከ120 በላይ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚህ ሁሉ ዓለም በብዛት የሚጠጣው ሁለቱን ብቻ ነው። አራቢካ ከግማሽ በላይ የሆነውን ድርሻ ይይዛል፤ የተቀረው ከሞላ ጎደል ሮቡስታ ነው። ሊቤሪካ ከሁለቱ በጣም ርቆ ሦስተኛ ይመጣል። ሮቡስታ የሳይንስ ስሙ ኮፊያ ካኔፎራ ነው፤ «ሮቡስታ» የሚለው ብርታቱን የሚናገር የገበያ ስም በዚያው ጸንቶበት ቀረ። ብራዚል ውስጥ የሚበቅለው ኮኒሎን የሚባለውም ይኸው ካኔፎራ ነው።

ሮቡስታን በንቀት የሚጠሩ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ አንድ ነገር እነግራቸዋለሁ፦ ሮቡስታ የአራቢካ ወላጅ ነው። አራቢካ የተገኘው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ካኔፎራና ዩጂኒዮይደስ የሚባል ሌላ የቡና ዝርያ በተፈጥሮ ተዳቅለው ነው። ስለዚህም ሌሎቹ 22 ክሮሞዞም ሲኖራቸው አራቢካ 44 አለው። ይህ የቤተ ሙከራ ወሬ ብቻ አይደለም። አራቢካ በራሱ አበባ ብናኝ ስለሚያፈራ ልጁ እናቱን ይመስላል። ሮቡስታ ግን ከሌላ ዛፍ ብናኝ ካልመጣለት አያፈራም፤ በመሆኑም ከአንድ ማሳ የተለቀመ ሮቡስታ በመጠንም በቅርጽም መለያየቱ አይገርምም። ትሪው ላይ ሲዘረጉት ይህን ያስታውሱ።

ለምን እንደሚለያዩ

አራቢካ የደጋ ልጅ ነው። በዱር የሚገኘው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖችና በደቡብ ሱዳን የቦማ አምባ ነው። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ስም ሲያወጣለት ግን ከዐረብ ምድር ጋር አያያዘው፤ ስሕተቱ እስከ ዛሬ በየከረጢቱ ላይ ይታተማል። በአብዛኛው ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን አየር ይስማማዋል። ሮቡስታ የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ቆላ ደን ተወላጅ ነው። ከባሕር ወለል አንሥቶ እስከ 800 ሜትር ገደማ ድረስ፣ ሙቀትና እርጥበት ባለበት ይበቅላል።

ቆላ ውስጥ ተባይ ይበዛል። ካፌይን ደግሞ ለእኛ ማነቃቂያ ይሁን እንጂ ለተክሉ የተባይ መከላከያ ነው። እንግዲህ ሮቡስታ ብዙ ካፌይን የያዘው ለምን እንደሆነ መገመት አይከብድም። በአራቢካ ጥሬ ፍሬ ውስጥ የካፌይኑ መጠን 1.2 በመቶ ገደማ ነው፤ በሮቡስታ 2.2 በመቶ አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደርሳል። በሌላ በኩል አራቢካ ብዙ ስኳርና ብዙ ቅባት አለው፤ ቅባቱ ከ15 እስከ 17 በመቶ ሲሆን የሮቡስታው ከ10 እስከ 11 በመቶ ገደማ ነው። ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባለው በሮቡስታ ይበልጣል።

አንድ የተለመደ ስሕተት እዚህ ላይ ላርም። ብዙ ሰው የሮቡስታን ምሬት ሁሉ ለካፌይን ይሰጣል። ካፌይን መራራ መሆኑ እውነት ነው፤ በስኒው ውስጥ ካለው ምሬት ግን የእርሱ ድርሻ ጥቂቱ ነው። አብዛኛው ምሬት የሚመጣው ክሎሮጀኒክ አሲድ በቁሌት ሙቀት ተሰባብሮ ከሚፈጥራቸው ነገሮች ነው። ሮቡስታን አጥቁሮ መቁላት ለምን እንደማይበጅ ከዚህ ይረዱታል።

በዓይን መለየት

መጀመሪያ ናሙናው። ከከረጢቱ አፍ ላይ እፍኝ ዘግኖ መቁጠር ዋጋ የለውም፤ ትናንሾቹ ፍሬዎች ወደ ታች ስለሚወርዱ። ከላይ፣ ከመሀልና ከሥር አንድ አንድ እፍኝ ያውጡና በአንድ ላይ ቀላቅለው ይከምሩ። ክምሩን በመስቀል ቅርጽ አራት ቦታ ይክፈሉት፣ ፊት ለፊት የሚተያዩትን ሁለቱን ክፍሎች ያውጡ፣ የቀሩትን እንደገና ቀላቅለው ይክፈሉ። መቶ ፍሬ አካባቢ እስኪደርስ ይህን ይደጋግሙ። ስሠለጥን ይህን ክፍል አሰልቺ ነው ብዬ እዘለው ነበር፤ አሁን ግን ተማሪ ሲዘለው ካየሁ ከመጀመሪያው አስጀምረዋለሁ።

ትሪው ነጭ ይሁን፣ ብርሃኑም የቀን። ቢጫ አምፖል ሥር ሁሉም ጥሬ ቡና ይመሳሰላል። የተሰበሩትንና በተባይ የተበሱትን ለይተው ያስቀምጡ። ከዚያ እያንዳንዱን ፍሬ በጠፍጣፋ ጎኑ ገልብጠው የመሀሉን ስንጥቅ ይዩ።

የአራቢካ ስንጥቅ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እንደ ትንሽ ጅረት መሀል ላይ ይታጠፋል። የሮቡስታው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ያለ ነው። እኔ በመጀመሪያ የማየው ይህን ነው፣ በአብዛኛውም አያሳፍረኝም። ቀጥሎ ፍሬውን በጎኑ አቁመው ከፍታውን ይመልከቱ። አራቢካ ሞላላና ዝቅ ያለ ነው። ሮቡስታ አጠር ብሎ ይከባል፣ ጀርባውም ጉብ ይላል። የሮቡስታ ፍሬ በአማካይ ያነሰ ቢሆንም መጠን ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ በወንፊት ተለይቶ ትንሹ ብቻ የታሸገ አራቢካ በገበያ ላይ ሞልቷል።

ቀለምን አልከለክልም፣ ግን አላምነውም። የታጠበ አራቢካ ትኩስ ሲሆን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው፤ ሮቡስታ ብዙ ጊዜ ወደ ቡናማ ወይም ወደ ቢጫ ይሄዳል። ነገር ግን ከነገለፈቱ የደረቀ አራቢካም ቢጫ ይሆናል፤ መጋዘን ውስጥ አንድ ዓመት የከረመ አራቢካም እንዲሁ ይገረጣል። ቀለም የሚነግርዎት ከዝርያው ይልቅ ቡናው ምን እንዳለፈበት ነው።

ፍሬዎቹን ሦስት ቦታ ይክፈሉ፦ አራቢካ እንደሆኑ እርግጠኛ የሆኑባቸው፣ ሮቡስታ እንደሆኑ እርግጠኛ የሆኑባቸው፣ እና የሚያጠራጥሩ። ሦስተኛውን ክምር አይፈሩት። በልበ ሙሉነት ሁለት ክምር ብቻ የሚሠራ ሰው ይበልጥ ያሳስበኛል። እኔ ከመቶው አሥራ አምስት የሚሆነው ሲያጠራጥረኝ ዓይኔን ትቼ ወደ ስኒው እሄዳለሁ።

የተቆላ ቡና ቢሆንስ? ስንጥቁ ከተቆላም በኋላ ይታያል፣ ግን ፍሬው ስለሚያብጥ መታጠፉ ይቀንሳል። መካከለኛ ቁሌት ከሆነ ቆጠራው ይሠራል፤ ጠቁሮ ዘይቱ ከወጣ ግን እኔም እገምታለሁ እንጂ አልምልም። ከተፈጨ ደግሞ ዓይን ፈጽሞ አይረዳም። ቤተ ሙከራዎች በተፈጨ ቡና ውስጥ ሮቡስታን የሚያድኑት 16-ኦ-ሜቲልካፌስቶል በሚባል በቅባቱ ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው፤ በሮቡስታ ውስጥ በግልጽ ይገኛል፣ በአራቢካ ውስጥ ግን እዚህ ግባ አይባልም። ይህ ግን ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራ ምርመራ አይደለም።

እኔን ያሳሳቱኝ ነገሮች

በሥራዬ ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ናሙና ትሪ ላይ ፈሰሰልኝ። ፍሬዎቹ ሁሉ ትንንሽና ድቡልቡል ነበሩ። ከሩቅ አይቼ «ሮቡስታ ነው» አልኩ፤ ጮክ ብዬ፣ ሰው እየሰማኝ። አለቃዬ ምንም ሳትናገር አንዱን ፍሬ በምላጭ ለሁለት ሰንጥቃ ሰጠችኝ። ጠፍጣፋ ጎን የሚባል ነገር አልነበረውም። አንድ የቡና እሸት እንደ ወትሮው ሁለት ፍሬ ሲይዝ ፍሬዎቹ እርስ በርስ እየተገፋፉ ስለሚያድጉ አንድ ጎናቸው ይጠፈጠፋል። አንዳንድ ጊዜ ግን አንዱ ይጨነግፍና የቀረው ብቻውን ክፍሉን ሞልቶ ክብ ይሆናል። ይህ በየትኛውም ዝርያ ላይ ይከሰታል፤ ነጋዴዎችም ለይተው ለብቻው ይሸጡታል። የፈሰሰልኝ ይኸው ነበር፣ ጥሩ አራቢካ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክብ ፍሬ ሳይ መጀመሪያ ጠፍጣፋ ጎን እንዳለው እፈትሻለሁ። ከሌለው ከቆጠራው አወጣዋለሁ።

ሁለተኛው ወጥመድ የተዳቀሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በቲሞር ደሴት አራቢካና ሮቡስታ በራሳቸው ተዳቅለው አንድ ዛፍ ተገኘ፤ የቅጠል ዝገት በሽታን ይቋቋም ነበር። ይህን የቲሞር ድቅል ከካቱራ ጋር በማዳቀል ካቲሞር የሚባለው ተፈጠረ። ዛሬ ብዙ አገር የሚተከሉ «አራቢካዎች» በደማቸው ውስጥ የሮቡስታ ድርሻ አላቸው። እነዚህን በትሪ ላይ ለመለየት አይድከሙ። በሕግም በገበያም አራቢካ ናቸው፤ ፍሬያቸውም አራቢካ ይመስላል። አንዳንዱ ስኒ ውስጥ መጨረሻ ላይ ትንሽ የሚጎመዝዝ ነገር ይተዋል፣ አንዳንዱ ምንም አይተውም።

ሦስተኛው ከቁሌት በኋላ የሚመጣ ነው። ከጠቆረው መካከል ገርጥተው የቀሩ ፍሬዎች ሲታዩ «ሌላ ዝርያ ተቀላቅሏል» የሚል አለ። አብዛኛውን ጊዜ እነዚያ ሳይበስሉ የተለቀሙ ፍሬዎች ናቸው፤ ስኳር ስላልሞላባቸው አይጠቁሩም። ይህ የለቀማ ጥፋት ነው።

የሦስት ስኒ ሙከራ

ዓይን ሲያጠራጥር ምላስ ይጠየቃል። ለዚህ ሙከራ ሁለት ቡና ያስፈልጋል፦ የሚጠራጠሩት ቡናና አራቢካ መሆኑን እርግጠኛ የሆኑበት። ሁለቱን በተቻለ መጠን እኩል ይቁሉ፤ አንዱ ጠቁሮ ሌላው ከቀላ የሚቀምሱት ዝርያውን ሳይሆን ቁሌቱን ነው። በማግስቱ ይፍጩ፤ ፍጩ እንደ ወፍራም አሸዋ ይሁን። በመጀመሪያ ደረቁን ዱቄት ያሽትቱ። አራቢካ ፍራፍሬ፣ አበባ ወይም ቸኮሌት የሚያስታውስ ሽታ ይሰጣል። ሮቡስታ የተቆላ ኦቾሎኒ፣ የእህል ቆሎ፣ እርጥብ እንጨት ይሸታል። ጥራቱ የወረደ ከሆነ ቅድም ያልኩት ላስቲክ ይመጣል።

በእያንዳንዱ ስኒ ለ150 ሚሊ ሊትር ውኃ 8.25 ግራም ቡና ያድርጉ፤ ቀማሾች የሚሠሩበት መጠን ይህ ነው። ውኃው ፈልቶ ትንሽ ይረፍ፣ 93 ዲግሪ አካባቢ። አፍስሰው አራት ደቂቃ ይጠብቁ፣ ከላይ የሰፈፈውን በማንኪያ ጀርባ ሰብረው ያሽትቱ፣ ሰፈፉን ያንሡ፣ ከዚያ እስኪበርድ ይጠብቁ። የሚቸኩል ሰው ምላሱን ያቃጥልና ያን ቀን ሁሉ ምንም አይለይም።

ቁም ነገሩ የስኒዎቹ አደራደር ላይ ነው። ሦስት ስኒ ያዘጋጁ፤ ሁለቱ ውስጥ አንድ ዓይነት ቡና፣ በሦስተኛው ሌላው ይሁን። ሌላ ሰው ከሥራቸው ምልክት አድርጎ ያቀያይርልዎት። የእርስዎ ሥራ ልዩ የሆነውን ስኒ ማግኘት ብቻ ነው፤ «ይህ አራቢካ፣ ይህ ሮቡስታ» ማለት አይጠበቅብዎትም። በግምት ብቻ ከሦስት አንዴ ሊሳካ ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ አግኝቶ መኩራት የለም። አምስት ጊዜ ደጋግመው አምስቱንም ካገኙ ግን ያ በዕድል የሚሆነው ከ243 አንዴ ብቻ ነው። ሁለቱ ቡናዎች በእርግጥ ይለያያሉ ማለት ነው። ዝርያው ተለያየ ለማለት ከትሪው ቆጠራ ጋር ያገናዝቡ።

ምን ይፈልጉ? ገና ለብ ሲል ምላስዎን በጎንና በጎን የሚያነቃቃ፣ እንደ ሎሚ ወይም እንደ ፖም ያለ ንቁ ጎምዛዛነት ካለ አራቢካ ነው። ያ ጎምዛዛነት ቡናው በበረደ ቁጥር ይደምቃል። ሮቡስታ ይህ የለውም ማለት ይቻላል። በምትኩ አፍ የሚሞላ ወፍራምነት አለው፤ ሲበርድ ደግሞ ምሬቱ ምላስ ሥር ይቀመጣል። እኔ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ፍርድ የምሰጠው ስኒው ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ትኩስ ቡና ጥፋቱን ይደብቃል።

ሊቤሪካና ዘመዶቹ

ሊቤሪካን ለመለየት ትሪም ቆጠራም አያስፈልግዎትም። ፍሬው ትልቅ ነው፣ ሁለቱ ጎኖቹ አይመጣጠኑም፣ አንድ ጫፉ ሹል ሆኖ እንደ መንቆር ይታጠፋል። ከሌሎቹ መካከል ከገባ የእንግዳ ያህል ያስታውቃል። ዛፉም እንዲሁ ነው፤ ካልተገረዘ ከ15 ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ቅጠሉ ሰፊና ወፍራም ነው።

ታሪኩ ያሳዝነኛል። እ.ኤ.አ. በ1869 የቡና ቅጠል ዝገት በሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ታየና የአራቢካ እርሻዋን አወደመው። ከዚያ ወደ ጃቫ ተሻገረ። ገበሬዎች ከምዕራብ አፍሪካ ሊቤሪካን አምጥተው ተከሉ፤ ቆላ ይችላል፣ ብርቱ ነው ተብሎ። በሽታው ብዙም ሳይቆይ እርሱንም አገኘው። በ1900 አካባቢ ሮቡስታ መጣና ቦታውን ወረሰ። ዛሬ ሊቤሪካ በክብር የሚጠጣው በማሌዥያ፣ በተለይም በጆሆር፣ እንዲሁም በፊሊፒንስ ባታንጋስና ካቪቴ ነው፤ እዚያ ባራኮ ይሉታል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስቀምሰው ስኒው ታጥቦ ያልጠራ መስሎኝ ሌላ አስቀዳሁ። ጃክፍሩት የሚባለው የበሰለ ፍሬ ሽታ፣ ከሥሩ ደግሞ ጭስና እንጨት። ሁለተኛውም ስኒ እንዲሁ ሆነ። አሁን ናፍቄ የማገኘው ቡና ነው፣ ግን ሁሉም ይወደዋል ብዬ አልዋሽም።

ኤክሴልሳ የሚባለውን በተመለከተ ሊቃውንቱ ራሳቸው ተመላልሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የሊቤሪካ ንዑስ ዝርያ ተደረገ፤ በ2025 ደግሞ በዘረመል ጥናት ራሱን የቻለ ዝርያ፣ ኮፊያ ዴዌቭሬይ፣ ሆኖ ተመለሰ። ፍሬው ከሊቤሪካ በጣም ያንሳል፣ ትሪ ላይም ለአራቢካ የሚቀርብ ይመስላል። በእጅዎ የገባው ቡና ኤክሴልሳ መሆኑን ሻጩ ካልነገረዎት በዓይን ብቻ አይወራረዱ።

ሁለት ስሞች ደግሞ ለወደፊቱ ይያዙ። ስቴኖፊላ የሚባለው የምዕራብ አፍሪካ ዝርያ እሸቱ ሲበስል ጥቁር ይሆናል። ከዱር ጠፋ ሲባል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2018 ሴራሊዮን ውስጥ እንደገና ተገኘ፤ ሙቀት ይችላል፣ ጣዕሙም ቀማሾችን አራቢካ እስኪመስላቸው አሳስቷል። ዩጂኒዮይደስ ደግሞ ሌላኛው የአራቢካ ወላጅ ነው፤ ካፌይኑ ጥቂት፣ ጣዕሙ ጣፋጭ። ኮሎምቢያዊው ዲዬጎ ካምፖስ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም የባሪስታዎች ውድድርን ያሸነፈው ይህን ቡና ይዞ ነው። ከዛፉ የሚገኘው ምርት ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ አያገኙትም።

ካወቁ በኋላ ምን ያደርጋሉ

አራቢካ በወረቀት ማጥለያ ሲወርድ፣ ያለ ወተት ሲጠጣ ያምርበታል። ከ92 እስከ 96 ዲግሪ የሆነ ውኃ ጎምዛዛነቱንና ጣፋጭነቱን ያወጣዋል። ቀላ ያለ ወይም መካከለኛ ቁሌት ይሰጠው፤ አጥቁረው ካቃጠሉት ለአራቢካነቱ የከፈሉትን ዋጋ አብረው አቃጠሉት።

ሮቡስታ ሲሆን ነገሩን ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመልሱ። ፍጩን ወፈር ያድርጉ፣ ውኃውን ወደ 88 ዲግሪ ያውርዱ፣ ቡናውን ከለመዱት መጠን ትንሽ ይቀንሱ። በማሽን ግፊት ለሚወጣ ኤስፕሬሶ ከአሥር እስከ ሃያ በመቶ ጥሩ ሮቡስታ ቢቀላቀል አረፋው ይወፍራል፣ ቶሎም አይጠፋም። ወተት የሚገባበት ከሆነ ደግሞ ሮቡስታ የራሱን ድምፅ ያሰማል፤ ለስላሳ አራቢካ ወተት ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። እንቅልፍ የሚያስቸግረው ሰው ግን ይጠንቀቅ። ሁለት ስኒ ሮቡስታ የአራት ስኒ አራቢካን ያህል ካፌይን ሊሰጥ ይችላል። «ቀላ ያለ ቁሌት ነው፣ አይጎዳም» ማለት አያዋጣም፤ በካፌይን ረገድ ከቁሌቱ ይልቅ ዝርያው ይወስናል።

«መቶ በመቶ አራቢካ» የሚለውን ጽሑፍ እንደ ጥራት ማረጋገጫ አይውሰዱት። ዝርያ ነው የተነገረዎት፣ ያውም እውነት ከሆነ። ያልበሰለ፣ የሻገተ፣ ሁለት ዓመት የከረመ አራቢካም መቶ በመቶ አራቢካ ነው። በተቃራኒው በጥንቃቄ ተለቅሞ በደንብ የደረቀ ሮቡስታ አለ፤ ጥሩ ሮቡስታ የሚመዘንበት የራሱ የቅምሻ መስፈርትም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ተዘጋጅቶለታል። አንድ ጊዜ ስማቸው በተሸፈነ ስድስት ስኒዎች መካከል የኡጋንዳ ሮቡስታ ከሁለት አራቢካዎች አስበልጬ ነጥብ ሰጥቻለሁ። ሽፋኑ ሲነሣ ነጥቤን ልሰርዝ እጄ ሄዶ ነበር፣ ግን ተውኩት።

ያን የመጀመሪያውን ከረጢት በተመለከተ፣ ገንዘቤ አልተመለሰልኝም። ሁለት ማታ ተቀምጬ ፍሬውን በእጄ ለየሁት፤ አራቢካውን ለብቻ፣ ሮቡስታውን ለብቻ ቆላሁ። አራቢካው መካከለኛ ነበር፣ የሚነቀፍም የሚደነቅም አልነበረም። ሮቡስታውን ቀላ አድርጌ ቆልቼ በወተት ጠጣሁት። ላስቲኩ ጠፍቶ ኦቾሎኒው ብቻ ቀርቶ ነበር። ያኔ ያቃጠልኩት ሁለቱን በአንድ መቁያ፣ በአራቢካው ልክ ስቆላቸው እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው።